የያንማር 2ጂኤም20 የጀልባ ሞተርን ከባሕር ውኃ ማቀዝቀዣ ወደ ዝግ የንጹሕ ውኃ ዑደት ስለ መለወጥ

ባለሸራ፣ ሲያትል

ጤና ይስጥልኝ። በጀልባ ሞተር ላይ የሠራችሁ ወይም በመርከብ የሞተር ክፍል ያገለገላችሁ ወገኖች እዚህ እንዳላችሁ ስለማውቅ አንድ ጥያቄ ይዤ ቀርቤአለሁ።

ያለችኝ 9 ሜትር ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ጀልባ ስትሆን ሞተሯ ያንማር 2ጂኤም20 ነው፤ ሁለት ሲሊንደር፣ ቢበዛ 18 የፈረስ ጉልበት፣ ከውጭ የሚስበውን ውኃ በቀጥታ በራሱ አካል ውስጥ አዙሮ በጭስ ማውጫው የሚያስወጣ ዓይነት። ጀልባዋ የምትቆመው ሌክ ዩኒየን ላይ፣ ማለትም ጨው በሌለበት ውኃ ነው። የምንጓዝበት ግን ፒዩጀት ሳውንድ ስለሆነ በባላርድ የመርከብ መተላለፊያ በር አልፈን ወደ ጨዋማው ውኃ እንወጣለን፤ በዚያው በኩልም እንመለሳለን። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ለብዙ ዓመታት ባሕሩ ላይ ያቆሟት እንደ ነበር ከወረቀቶቿ ተረድቻለሁ።

ችግሩ ይህ ነው። በመካከለኛ ፍጥነት ስሄድ የሙቀት መለኪያው 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። ሞተሩን በደቂቃ ከ2,800 ዙር በላይ ሳስኬደው ግን መለኪያው ቀስ በቀስ ይወጣና የማስጠንቀቂያው ጩኸት ይጀምራል፤ ጋዙን ስቀንስ ተመልሶ ይወርዳል። ያየልኝ መካኒክ መፍትሔው ወደ ንጹሕ ውኃ ማቀዝቀዣ መለወጥ ነው ብሎ፣ የሙቀት መለዋወጫ፣ ተጨማሪ ፖምፓና የማስፋፊያ ገንዳ ያለበት የተሟላ ዕቃ እንድገዛ መክሮኛል። ዋጋው ቀላል አይደለም።

ማወቅ የምፈልገው እንዲህ ያለው ለውጥ ይህን የመጋል ችግር በእርግጥ ያስወግደው እንደሆነ፣ ዕድሜው ለገፋ ሞተርስ ወጪው ይገባው እንደሆነ ነው። ደግሞም ጀልባዋ ከባሕር በተመለሰች ቁጥር ጨው በሌለው ውኃ ላይ እየተጓዘች ወደ ማረፊያዋ ስለምትገባ ሞተሩ በዚያው ይታጠባል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይህ እውነት ከሆነ ለውጡ ራሱ አስፈላጊ ላይሆን ይችላል። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ ነኝ።

ሁለተኛ መሐንዲስ

ወንድሜ፣ መካኒክዎ የነገረዎት ነገር በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ግን በአንድ መልስ ዘግቷቸዋል። ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ለምን ይግላል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ ጨው እየጠጣ ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሳይፈታ ሁለተኛውን ቢሠሩት፣ ገንዘብዎን ካወጡ በኋላ ያው ጩኸት ተመልሶ ይመጣል።

በዝግ ዑደትም ቢሆን ሙቀቱን በመጨረሻ የሚረከበው የውጭው ውኃ ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ንጹሕ ውኃና አንቲፍሪዝ (ውኃው እንዳይረጋ፣ ብረቱም እንዳይዝግ የሚጨመር ፈሳሽ) ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ መለዋወጫው ይመጣል፤ በመለዋወጫው ቀጫጭን የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦዎች ውስጥ የሚያልፈው የባሕር ውኃ ደግሞ ሙቀቱን ተቀብሎ በጭስ ማውጫው በኩል ይዞት ይወጣል። ስለዚህ የባሕር ውኃው ፍሰት ዛሬ የሚያንስ ከሆነ ከለውጡ በኋላም ያንሳል፤ እንዲያውም በሁለቱ ውኃዎች መካከል የቱቦ ግድግዳ ስለሚገባ ሁኔታው ይብስ እንደሆነ እንጂ አይሻልም።

በቁጥር እንየው። የናፍጣ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ኃይል ሲሶ ያህሉ ወደ ዘንጉ ይሄዳል፣ ሲሶ ያህሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ከቀረውም አብዛኛውን የማቀዝቀዣው ውኃ ይወስደዋል። 18 የፈረስ ጉልበት 13 ኪሎዋት ገደማ ስለሆነ፣ ሞተርዎ በሙሉ ኃይል ሲሠራ ውኃው 12 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይሸከማል ብለን ብናሰላ ከእውነት አንርቅም። ፖምፓው በደቂቃ 20 ሊትር የሚያሳልፍ ከሆነ የባሕሩ ውኃ የሚሞቀው በ9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ በደቂቃ ወደ 8 ሊትር ከወረደ ግን ጭማሪው ወደ 22 ዲግሪ ይደርሳል። የፒዩጀት ሳውንድ ውኃ በአብዛኛው በ10 ዲግሪ ዙሪያ የሚውል ቀዝቃዛ ውኃ መሆኑን ካሰቡ፣ ይህን ውኃ እየጠጣ የሚግል ሞተር ፍሰቱ እጅግ የቀነሰበት፣ ወይም ውስጣዊ መተላለፊያዎቹ ተደፍነው ውኃው ዋናውን ቦታ ሳይነካ በጎን የሚያልፍበት ሞተር ነው። በዚህ ዓይነት ባሕር ላይ የማቀዝቀዣው ዘዴ ራሱ ደካማ ሆኖ አይደለም።

ስለዚህ አስቀድመው ፍሰቱን ይለኩ። ጀልባዋ እንደ ታሰረች ሞተሩ በደቂቃ በ2,000 ዙር እየሠራ ሳለ፣ አንድ ሰው በጭስ ማውጫው ጫፍ ባልዲ ይዞ ለግማሽ ደቂቃ የሚወጣውን ውኃ ይቀበልና በሊትር ይለካው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ከመግቢያው ቧንቧ ጀምረው ወደ ውስጥ ይከተሉት፤ ማጥሪያውን፣ የፖምፓውን የጎማ ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋውን ባለ ክንፍ ጎማ)፣ ከኢምፔለሩ ተሰብረው ወደ ፊት የሄዱ ክንፎች ካሉም እነርሱን ይፈልጉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውኃውና ጭሱ የሚገናኙበትን ጎሚቶ፣ ማለትም የታጠፈውን ቧንቧ፣ ፈትተው ይመልከቱ። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ጎሚቶው በጥቀርሻና በዝገት ውስጡ እየጠበበ መምጣቱ የታወቀ ጣጣ ነው፤ ምልክቱም እርስዎ የገለጹት ነው፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ደኅና ይሄድና ጭሱ ሲበዛ ይታፈናል፣ ይግላል።

በሐይቁ መመለስ ሞተሩን ያጥበዋል ወይ ላሉት፣ በከፊል አዎን ነው መልሴ። ነገር ግን ቴርሞስታቱ፣ ማለትም በሙቀት የሚከፈተው የውኃ በር፣ ዝግ ሳለ የሚሳበው ውኃ አብዛኛው በጎን መተላለፊያው አድርጎ በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው ስለሚሄድ የሞተሩን አካል አያዳርስም። የእርስዎ ሞተር ቴርሞስታት በ42 ዲግሪ መከፈት ጀምሮ በ52 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ከመተላለፊያ በሩ ወጥተው ወደ ማረፊያው ሲመለሱ በዝግታ ብቻ የሚሄዱ ከሆነ ሞተሩ ይቀዘቅዝና ጨዋማው ውኃ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ እንደ ተኛ ሊቀር ይችላል። በመጨረሻው የጉዞ ክፍል ማረፊያው በሚፈቅደው ፍጥነት ጫን አድርገው፣ ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ እንደ ተከፈተ ቢገቡ ይሻላል። ያለፉት ባለቤቶች ያስቀመጡትን ዝቃጭ ግን ይህ አያወጣውም።

የወደቡ መካኒክ፣ አሽዶድ

ሁለተኛ መሐንዲስ ስለ ፍሰቱ የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ብረቱ ነው፤ ለውጡ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው የሞተሩ ብረት ነውና።

በመጀመሪያ ሰዎች ወደ ዝግ ዑደት የሚለውጡበትን ምክንያት በትክክል እናስቀምጥ። የባሕር ውኃ ሲሞቅ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ጨው ብረትን ይበላል፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም አበላሉ ይፈጥናል። ከዚህም ሌላ በውኃው ውስጥ የሟሙት የካልሲየም ውሕዶች ከ60 ዲግሪ በላይ መሟሟት እያቃታቸው በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት ሆነው በግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ። ፋብሪካው የእናንተን ቴርሞስታት በ42 ዲግሪ እንዲከፈት ያደረገው ይህን ለመሸሽ ነው። ዋጋውን ግን ሞተሩ ይከፍላል፤ የናፍጣ ሞተር በ50 ዲግሪ ሲሠራ ነዳጁ በሚገባ አይቃጠልም፣ ጥቀርሻ ይበዛል፣ የዘይቱ ዕድሜ ያጥራል፣ በሞተሩ ውስጥ እርጥበትና አሲድ ይጠራቀማል። ያንማር ራሱ በዝግ ዑደት የሠራው የዚሁ ሞተር ወንድም፣ ማለትም 2ጂኤም20ኤፍ፣ ቴርሞስታቱ በ71 ዲግሪ ተከፍቶ በ85 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ከጂኤም ሞተሮች በኋላ የመጣው 2ዋይኤም15 ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ዝግ ዑደት አለው። ስለዚህ ዘዴው የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ጨው የጠጣ ብረት ለዚህ ለውጥ ይሆናል ወይ የሚለው ነው።

እዚህ እኔ የምሠራበት የሜዲትራኒያን ዳርቻ በነሐሴ የባሕሩ ውኃ 29 እና 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጨዋማነቱም ከውቅያኖስ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ሰው ሞተሩ ዙሪያውን አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ውስጡ ግን ግድግዳው ሳስቶ በዝገት ንጣፍ ብቻ የተያዘ ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ዝግ ዑደት ቢያስገቡበት፣ ግፊት ያለው ክዳን የሚፈጥረው ጫናና የአንቲፍሪዙ የመላጥ ባሕርይ ያንን ዝገት ያነሡታል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው በጓርኒሲዮኑ (በብረቶቹ መጋጠሚያ መካከል በሚገባው ማሸጊያ) ወይም በግድግዳው አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዝገቱ ለክፉም ለደጉም ቀዳዳውን ደፍኖት ነበር ማለት ነው። ደንበኛው ያኔ የሚወቅሰው ለውጡን ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሚከተለውን ያድርጉ። በሞተሩ አካል ላይ ያሉትን፣ በሞተሩ ብረት ፈንታ እንዲበሉ የተቀመጡትን የዚንክ ዘንጎች ይፍቱ። ዘንጎቹ ሙሉ በሙሉ አልቀው ቡሎኑ ብቻ ከቀረ፣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ያለ ጥበቃ እንደ ኖረ ይወቁት። በዚያው ቀዳዳ በኩል ትንሽ የእጅ ባትሪና ቀጭን ሽቦ አስገብተው ግድግዳውን ይንኩት፤ ጠንካራ ብረት ሲነካ ይጮኻል፣ የላላ ዝገት ግን ሽቦውን ይውጠዋል። የቴርሞስታቱ መያዣ አልሙኒየም ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላው እርሱ ነው፤ ፈትተው የመቀመጫውን ጠርዝ ይመልከቱ። ከዚያም ቱቦዎቹን ዘግተው፣ ሞተሩን በውኃ ሞልተው፣ በእጅ ፖምፓና በግፊት መለኪያ እስከ 1 ባር ያህል ይጫኑትና ለግማሽ ሰዓት ይተዉት። አየር ብቻ አይጫኑበት፤ ብረቱ ቢለቅ አየር አደገኛ ነው፣ ውኃ ግን ይንጠባጠብና ያበቃል። መርፌው ከወረደ ውኃው በየት እንደ ሄደ ይፈልጉ፤ የዘይቱን መለኪያ አውጥተው ወተት መስሎ እንደሆነ ይዩት፣ የናፍጣ መርጫዎቹንም ፈትተው ሞተሩን በእጅ በማዞር ከሲሊንደር ውኃ ይወጣ እንደሆነ ይመልከቱ።

ብረቱ ፈተናውን ካለፈ ቀጣዩ ሥራ ቅርፊቱን ማንሣት ነው። ይህን ዘለው አንቲፍሪዝ የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ቅርፊቱ በጥቂት ወራት ውስጥ እየተፈረፈረ ወጥቶ የአዲሱን መለዋወጫ መግቢያ ሲደፍነው ዕቃው የማይረባ ነው ይላሉ። ሲትሪክ አሲድ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጠቢያ ይጠቀሙ፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አልሙኒየሙን ስለሚበላው ወደዚህ ሞተር አያስጠጉት። ቴርሞስታቱንና ዚንኮቹን አስቀድመው ያውጡ። አሲድ ዚንክን ሲያገኘው ሃይድሮጅን ይፈጥራልና የሞተሩን ክፍል ከፍተው በቂ አየር እንዲገባ ያድርጉ። አሲዱን በባልዲና በትንሽ ፖምፓ ለጥቂት ሰዓታት ያዙሩት፤ መፍላቱ ሲቆም በቤኪንግ ሶዳ ያለዝቡና በብዙ ውኃ ያጥቡት።

ብረቱ ፈተናውን ካላለፈ ለውጡን ይተዉት። ለዚያ ያሰቡትን ገንዘብ ለሌላ ሞተር ይያዙት፤ እስከዚያው ይህን ሞተር በሐይቁ ውኃ እያጠቡ፣ ዚንኩን በየጊዜው እየቀየሩ በዝግታ ሊገለገሉበት ይችላሉ። በዚህ ላይ የማይስማሙ የሙያ ጓደኞች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ሳስቶ ያለቀ ብረት ላይ አዲስ መለዋወጫ አልገጥምም።

ጣናዊ፣ ባሕር ዳር

እኔ የማውቀው ባሕር ሳይሆን ሐይቅ ነው፤ ቢሆንም ከጉዳዩ ጋር የሚነካካ ነገር ስላለ ልጻፍ።

ጣና ላይ ጨው ስለሌለ ብዙ ጀልባዎች የሐይቁን ውኃ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ያስገባሉ። ብረቱ እንደ ባሕሩ አይበላም። ችግራችን ደለልና እምቦጭ ነው። በክረምት ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ አፈሩን ተሸክመው ሲገቡ ውኃው ይደፈርሳል፤ ያ ጭቃ ደግሞ በሞተሩ ውስጥ ፍሰቱ ዝግ በሚልበት በመጨረሻው ሲሊንደር ግርጌ ይተኛል። እምቦጩ ሥሩም ቅጠሉም የመግቢያውን ወንፊት ይሸፍነዋል። የማጥሪያው ክዳን በቀላሉ እጅ በሚደርስበት ቦታ ካልተቀመጠ ሠራተኛው አያጸዳውም፤ ሞተሩ ሲጮህ ብቻ ያስታውሰዋል።

በዚህ ምክንያት አካላቸው ከብረት በተሠራ ጀልባዎች ላይ የውጭ ውኃ ጨርሶ የማያስገባውን ዘዴ እመርጣለሁ። በጀልባው ግርጌ በውጭ በኩል ቧንቧ ይበየዳል፤ የሞተሩ ንጹሕ ውኃ በዚያ ውስጥ እየተዘዋወረ በሐይቁ ይቀዘቅዛል፣ የጭስ ማውጫውም ደረቅ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። የሚደፈን ወንፊት የለም፣ የሚሰበር ኢምፔለርም የለም።

ከፍታው የሚያመጣውንም ልጥቀስ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ክፍት ውኃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ የላላ ዝግ ዑደት በዚህ ከፍታ ከባሕር ዳርቻው ፈጥኖ ያፈላል፤ የ0.9 ባር ክዳን በትክክል ከያዘ ግን የመፍሊያው ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ከፍ ይላል። ክዳኑን እንደ ተራ መዝጊያ የሚያዩ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምለው።

ለጠያቂው ወንድማችን በግርጌ የሚበየደው ቧንቧ የሚሆን አይመስለኝም፤ ጀልባቸው ባለ ሸራ ናት፣ ቧንቧው ፍጥነቷን ይይዘዋል፣ በባሕሩም ቅርፊት ያላቸው ትንንሽ የባሕር እንስሳትና አረም ይለብሱታል።

ባለሸራ፣ ሲያትል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባላችሁት ቅደም ተከተል ሄጄበታለሁ።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውኃ ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ ነበር። ማጥሪያውም ኢምፔለሩም ደኅና ናቸው። ጎሚቶውን ስፈታው ግን በውስጡ ጥቀርሻና ዝገት ተጋግሮ የቀረው ቀዳዳ ትንሹን ጣቴን በጭንቅ ያስገባ ነበር፤ ውኃው የሚገባበት አፍም ግማሹ ተዘግቷል። አዲስ ጎሚቶ ከገጠምሁ በኋላ ሞተሩ በደቂቃ በ3,200 ዙር ሲሄድ መለኪያው ከ50 ዲግሪ ብዙም አልራቀም። እንግዲህ የመጋሉ ነገር ያለ ለውጡ ተፈታ።

የግፊቱን ፈተናም አድርጌዋለሁ። ከኋላ በኩል ካለ አንድ መዝጊያ ጥቂት እርጥበት ከመታየቱ በቀር መርፌው አልወረደም፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ሽቦውም ጠንካራ ብረት ነክቷል። መዝጊያውን እቀይረዋለሁ። ብረቱ ደኅና ከሆነ ለውጡን ለመሥራት ወስኛለሁ፤ ሞተሩ በተገቢው ሙቀት እንዲሠራና ከእንግዲህ ጨው እንዳይገባበት እፈልጋለሁ።

የቀሩኝ ጥያቄዎች ስለ አገጣጠሙ ናቸው። የነበረውን ፖምፓ ለየትኛው ወገን ላውለው? ሁለተኛው ፖምፓ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ምን ይመስላችኋል? የጭስ መሰብሰቢያው በባሕር ውኃ መቀዝቀዙን ይቀጥል ወይስ ወደ ዝጉ ዑደት ይግባ? በመጨረሻም ጀልባዋ ግማሽ ዕድሜዋን ጨው በሌለው ውኃ ስለምትኖር የመለዋወጫው ዚንክ እንዴት ይሆናል?

ሁለተኛ መሐንዲስ

የነበረው ፖምፓ የጎማ ኢምፔለር ያለው ስለሆነ በባሕሩ ወገን ይቅር። ጎማ በ80 ዲግሪ አንቲፍሪዝ ውስጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ ለዝጉ ዑደት የሚስማማው እንደ መኪና ፖምፓ ያለ፣ ብረት ክንፍ ኖሮት በቺንጊያ (በሞተሩ በሚዞር የጎማ ቀበቶ) የሚዞር ነው። በባትሪ የሚሠራውን አልመክርም። ሽቦው ቢላላ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል ሞተሩ ያለ ውኃ እየሠራ መቆየቱን የሚያውቁት መለኪያው ሲወጣ ብቻ ነው፤ ቺንጊያ ሲበጠስ ግን ብዙ ጊዜ ድምፁ ያስታውቃል፣ ዲናሞውም አብሮ ስለሚቆም የባትሪው መብራት ይበራል። ይህ የሚሠራው ሁለቱን አንድ ቺንጊያ እንዲያዞራቸው ካደረጉ ነው።

የጭስ መሰብሰቢያውን ወደ ዝጉ ዑደት ማስገባት ከቻሉ ያስገቡት። በርካሽ የሚሸጡት ዕቃዎች አብዛኞቹ የሞተሩን አካል ብቻ ወደ ዝጉ ዑደት አስገብተው መሰብሰቢያውን በባሕር ውኃ የሚተዉ ናቸው፤ እንዲህ ሲሆን በጣም የሚግለው ቁራጭ ከጨው ጋር ይቀራል ማለት ነው። መሰብሰቢያው ሲገባ ግን መለዋወጫው የሚሸከመው ሙቀት ይጨምራልና መጠኑን ሲመርጡ ይህን ያስሉ። እንግሊዝ አገር ያለው ቦውማንን የመሰሉ አምራቾች መለዋወጫቸውን በሞተሩ ኃይል ከፋፍለው ያቀርባሉ፤ በመካከል ላይ ከሆኑ ከፍ ያለውን ይውሰዱ።

ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። የማስፋፊያ ገንዳው ከዑደቱ ሁሉ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ውስጥ አየር ይታሰራል፤ መለኪያው በአየር ውስጥ ሆኖ ዝቅተኛ ቁጥር እያሳየ ቴስታታው ሊቃጠል ይችላል። ሲሞሉ የላይኛውን የአየር መልቀቂያ ቡሎን ከፍተው፣ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ፣ አረፋ የሌለበት ውኃ እስኪወጣ ይጠብቁ። ሁለተኛው የማስጠንቀቂያው መቆጣጠሪያ ነው። አሁን ያለው የተሠራው ለቀዝቃዛው ዑደት ስለሆነ፣ ቴርሞስታቱን በ71 ዲግሪ በሚከፈተው ሲቀይሩ ይህንንም አብረው ካልቀየሩት ሞተሩ ደኅና እያለ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ያኔ ባለ ጀልባው ሰልችቶት ሽቦውን ይነቅለዋል።

ትልልቅ መርከቦች ላይ የባሕር ውኃ ወደ ዋናው ሞተር አካል አይደርስም፤ በዝግ ዑደት የሚዞረው ውኃ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሠራል፣ የባሕሩ ውኃ ደግሞ ከመለዋወጫው ሳህኖች አያልፍም። የእርስዎ ጀልባ ላይ የሚሠራው ያው ዘዴ በትንሹ ነው።

የወደቡ መካኒክ፣ አሽዶድ

ፈተናውን ስላለፈ ደስ ብሎኛል። ስለ ዚንኩ ልመልስ።

በሞተሩ አካል ላይ የነበሩትን ዚንኮች ሁሉ አውጥተው ቀዳዳዎቹን በቡሎን ይዝጉ። ዚንክ በአንቲፍሪዝ ውስጥ ሲቀመጥ ከመከላከያ ኬሚካሎቹ ጋር ተዋሕዶ ጭቃ ይሆናል፣ ያም ጭቃ ወደ መለዋወጫው ይሄዳል። ከእንግዲህ ዚንክ የሚያስፈልገው በመለዋወጫው የባሕር ወገን ብቻ ነው።

እርስዎ ጋ የሚያስቸግረው ማረፊያዎ ነው። ዚንክ ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ሲቆይ ነጭ ንጣፍ ይለብሳል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ሲወጡም ንጣፉ ስለሸፈነው ሥራውን በሚገባ አይሠራም። ሲያዩት ሙሉ ስለሆነ ደኅና ይመስላል፤ ማለቁ ቀርቶ አለማለቁ ነው እዚህ ላይ መጥፎ ምልክቱ። ማግኒዥየም ለሐይቅ ይስማማል፣ ባሕር ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። እንደ እርስዎ በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ ጀልባ የተሻለው የአልሙኒየም ቅይጥ አኖድ (እንደ ዚንኩ በሌላው ብረት ፈንታ የሚበላ ቁራጭ) ነው፤ ለመለዋወጫዎ በሚሆን ውፍረትና ጥርስ ካገኙ እርሱን ይግጠሙ፤ ካላገኙ ዚንኩን በየወሩ እያወጡ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት። ሲያስገቡ በጥርሱ ላይ ቴፍሎን አያጥቅልሉ፤ አኖዱ ከመለዋወጫው አካል ጋር ብረት ለብረት መነካካት አለበት።

አንቲፍሪዙን በእኩል ከተጣራ ውኃ ጋር ይቀላቅሉት፤ የቧንቧም የሐይቅም ውኃ አይጠቀሙ። ቀለሙ ደኅና ቢመስልም በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት፤ ብረቱን የሚጠብቁት ኬሚካሎች ቀለሙ ሳይለወጥ ያልቃሉ።

አዲሱ የቱቦ አቅጣጫ ከድሮው ስለሚለይ፣ የውኃው ቱቦ ወደ ጎሚቶው ከመግባቱ በፊት ከውጭው የውኃ ወለል በላይ ከፍ ብሎ አየር የሚያስገባ ቫልቭ ያለበት ቅስት እንዳለው ያረጋግጡ። ጎሚቶው ከውኃው ወለል በታች ወይም በጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ውኃው በራሱ ተስቦ በጭስ መንገዱ ወደ ሲሊንደሮቹ ሊሞላ ይችላል። አዲስ መለዋወጫ ሲገጠም ያ ቅስት ቱቦ ለማሳጠር ተብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ቱቦዎቹን የሚያጠብቁት ፋሼታዎችም የማይዝግ ብረት ይሁኑ፤ ከውኃ ወለል በታች ባለው መገጣጠሚያ ሁሉ ሁለት ሁለት ያድርጉ።